ከሚሞሪው የጎደለችው አያ



ለሒፍዝና ለሙሓደራ የምንጠቀምባትን ባለ ሚሞሪ ማጫወቻ እንዴት እንደምንጭናት እንድንጽፍ ስንጠየቅ ደስ ብሎን ነበር የተቀበልነው። ልንጽፍ ስንቀመጥ ግን አንድ ነገር ደብቀን አጫጫኑን ብቻ ማስተማር አልሆንልን አለ። ስለዚህ ሁለቱንም እንጽፋለን። ጥፋቱ የእኛ የጫኞቹ ነው።

ነገሩ የጀመረው ዳታ ሲዘጋ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። እስከዚያ ድረስ ቁርኣን በስልካችን ያለ ይመስለን ነበር። ለካ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። አፑን ስንከፍት ቃሪኡን እንድንመርጥ ይጠይቀናል፣ ስንመርጥ ይሽከረከራል፣ በቃ። በቴሌግራም የተቀመጡት ሙሓደራዎችም ስማቸው ይታያል እንጂ አይከፈቱም። አዲስ አበባ ደርሰው የተመለሱ ወንድሞች በሚሞሪ ካርድ ይዘው የመጡት ትንሽ ነገር ከእጅ ወደ እጅ መዞር የጀመረው ያኔ ነው። ዳታው ከተመለሰ በኋላም ልማዱ አልቀረም፤ ለመረጃ የምንከፍለው ብር ለሻይ ይተርፋል፣ ማጫወቻዋም እንደ ስልክ በየደቂቃው እየጮኸች ከሙራጀዓ አታናጥብም።

ማጫወቻዋን አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። መዳፍ የማትሞላ፣ ሬዲዮም ያላት፣ በጎኗ ሚሞሪ የምትጎርስ፣ ከላይ ቁጥር ብቻ የምታሳይ ናት። ሱብሒን ሰግደን፣ የደብረ ማርቆስ ብርድ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰዓት፣ ጋቢ ተከናንበን በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ከኪስ ሳናወጣት በቁልፏ ብቻ ወደፊትና ወደኋላ እንላታለን። መብራት ቢጠፋ ግድ የላትም።

አሁን ወደ አጫጫኑ። መጀመሪያ ካርዱ። ከመንገድ የሚገዛ "32 ጂቢ" የተጻፈበት ካርድ ሁሉ 32 ጂቢ አይደለም። ሐሰተኛው ካርድ ተንኮለኛ ነው፤ ስትገለብጡበት እሺ እያለ ይቀበላል፣ የፋይሉንም ስም ያሳያል፣ እውነተኛ አቅሙ ካለቀ በኋላ የገባው ግን ባዶ ስም ነው፣ ሲከፈት አይጫወትም። እኛ አንድ ሙሉ ሌሊት የጫንነው ካርድ ከሱረቱ አል-አዕራፍ በኋላ ድምፅ አልባ ሆኖ አግኝተነዋል። አሁን ማንኛውንም አዲስ ካርድ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ በሚባል ትንሽ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሞልተን መልሰን ካላስነበብነው አንነካውም። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ተኝተን እናሳድረዋለን።

ብዙ ቦታም አያስፈልግም። ሙሉው ቁርኣን በረጋ ቂርኣት 30 ሰዓት ይፈጃል ብለን ብናስብ፣ በ64 ኪሎቢት ጥራት የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ 29 ሜጋ ስለሆነ፣ 114ቱም ሱራዎች ከ1 ጂቢ በታች ይገባሉ። በ16 ጂቢ ካርድ የሚተርፈው ቦታ ከ450 ሰዓት በላይ ሙሓደራ ይይዛል፤ ማን ሰምቶ ይጨርሰዋል? ከ32 ጂቢ በላይ የሆነ ካርድ መግዛትማ ገንዘብ ማባከን ነው። ትልልቆቹ ካርዶች ከፋብሪካ የሚመጡት እነዚህ ርካሽ ማጫወቻዎች በማያውቁት አደራደር ነው፤ ማጫወቻዋ የምታነበው ፋት 32 የሚባለውን ስለሆነ ካርዱን በእሱ ፎርማት አድርጉት። ከሱቅ የተገዛ ካርድ ብዙ ጊዜ ዘፈን ተጭኖበት ስለሚመጣ ፎርማቱ ያንንም ጠርጎ ያወጣላችኋል።

ቪዲዮ ያለው ማጫወቻ ለያዛችሁ አንድ ቃል ብቻ። የሐርፍ መውጫ ለመማር የመምህሩን ከንፈር ማየት ይጠቅማል፤ ከዚያ ውጪ በሁለት ጣት ስፋት ስክሪን ሙሓደራ ማየት ባትሪና ዐይን መጨረስ ነው። ድምፁ እየተሰማ ምስሉ አልታይ ካላችሁም ማጫወቻው አልተበላሸም፤ የቪዲዮውን ዓይነት ስለማያውቀው ነው፣ ወደ ኤቪአይ ቀይሩለት።

እጅግ ያስቸገረን ግን ቅደም ተከተል ነበር። ሱራዎቹን 1፣ 2፣ 3 ብለን ቁጥር ሰጥተን ጫንን። ማጫወቻዋ ከፋቲሓ ቀጥላ ሱረቱ ዩኑስን ጀመረች። ገረመን። ለኮምፒውተሩ ከ1 ቀጥሎ የሚመጣው 10 ነው፣ ከዚያ 100፤ ስለዚህ 001፣ 002 ተብሎ በሦስት አኃዝ መጻፍ አለበት። አስተካክለን ደግመን ጫንን፣ አሁንም ተዘበራረቀ። መልሱን የነገረን አብሮን ዶርም የሚኖር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ሙስሊም አይደለም፤ ሑዳዴ እየጾመ፣ በባዶ ሆዱ፣ ካርዳችንን ይዞ ግማሽ ቀን ሲታገልልን ዋለ። "ይቺ ማጫወቻ ስም አታነብም፤ መጀመሪያ የገባውን መጀመሪያ ነው የምታጫውተው" አለን። ፋይሎቹን ሁሉ መርጠን ስንጎትት ደግሞ ዊንዶውስ በእጃችን የያዝነውን ፋይል ነው አስቀድሞ የሚገለብጠው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ካርዱን ባዶ ማድረግ፣ ሁሉንም መምረጥ፣ ከዚያ 001ን ይዞ መጎተት፣ እስኪያልቅ ካርዱን አለመንቀል። በኋላ አንድ ሱራ ብቻ መቀየር ከፈለጋችሁም ያው ነው፤ ቅደም ተከተሉ ሊዛባ ስለሚችል እንደገና ከባዶ ይጫናል።

ከፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ካርዱን ስትመልሱ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ብታገኟቸውም አትደንግጡ፤ ፎርማትም አታድርጉ። ቫይረሱ ፋይሉን ደብቆታል እንጂ አላጠፋውም። የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ስትከፍቱ እዚያው ታገኙታላችሁ።

ምን ይጫን የሚለው ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። ቁርኣን ላይ ክርክር የለም፤ ለሒፍዝ የሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪን መረጥን፣ ረጋ ብለው ስለሚቀሩ ተከትሎ ለማለት ይመቻል። ከሙሓደራ የኡስታዝ ያሲን ኑሩን አስቀደምን። መንዙማ ላይ ስንደርስ ግን ከወሎ የመጡት የሼኽ መሐመድ አወልን ካልጫናችሁ ካርዱን አንወስድም አሉ፣ ሌሎች ከቁርኣን ጋር አንድ ካርድ ላይ አይሆንም አሉ። ሁለት ጁሙዓ ፈጀብን። በመጨረሻ በሌላ ካርድ ጫንነው፤ ከሁሉ በላይ የተሰረቀውም እሱ ካርድ ነው።

መጸዳጃ ቤት ይዘናት ብንገባስ ብለን በከተማው መስጂድ የሚያስቀሩንን ኡስታዝ ጠይቀናቸው ነበር። ካልተከፈተች እንደ ሙስሐፍ አትቆጠርም፣ ድምፁን ግን ዝጉት ብለውናል።

አሁን ወደዚያ ነገር እንምጣ።

ማጫወቻዋ አንድ ክፉ ጠባይ አላት፤ ስትዘጋ የት እንደደረሰች ትረሳለች። ሱረቱል በቀራን አንድ ሰዓት ሰምታችሁ ብትዘጓት ነገ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ለሚሓፍዝ ሰው ይህ አይሆንም። ስለዚህ ረጃጅሞቹን ሱራዎች ቆራርጠን፣ በገጽ ወይም በታሪክ እየከፈልን፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ፋይል አደረግነው። በደንብ ሠራ። ሰው ወደደው። ዐሥራ አንድ ካርድ ጭነን አከፋፈልን፤ ሰባት ለወንዶች፣ አራት ለእህቶች።

ከወሰዱት አንዱ ከደቡብ ወሎ ገጠር የመጣ የአንደኛ ዓመት ወንድማችን ነው። አገር ቤት በሉሕ ላይ እየጻፈ፣ ሸይኹ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ከሱረቱ አን-ናስ ወደ ላይ እስከ ሱረቱል ቀሶስ ደርሷል። ግቢ ሲገባ ሸይኹ ቀሩ፣ ሉሑም ቀረ። ስልኩ ባለ ቁልፍ ነው፣ ሚሞሪ አይቀበልም። ማጫወቻዋን ስንሰጠው በሁለት እጁ ነው የተቀበለን። ሱረቱ አን-ነምልን ጨረሰ፣ ከዚያ ሱረቱ አሽ-ሹዐራእን ያዘ። ካፌ ሰልፍ ላይ፣ ላብራቶሪ በር ላይ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እናያለን። ሲጨርስ ደስ ብሎት ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ ለኡስታዛችን ሊያሰማ ተቀመጠ፤ እኛም ከጎኑ ነበርን።

አሽ-ሹዐራእ 227 አያዎች አሏት። የሙሳ፣ የኢብራሂም፣ የኑሕ፣ የሁድ፣ የሷሊሕ፣ የሉጥና የሹዐይብ ታሪክ (ዐለይሂሙ-ስ-ሰላም) በተከታታይ ይመጣባታል፤ በየታሪኩም መዝጊያ አንድ ዓይነት ቃል ይመላለሳል። "አል-ዐዚዝ፣ አር-ረሒም" በሚሉት ሁለት ስሞች የምታበቃው አጭር አያ በሱራዋ ውስጥ ስምንት ጊዜ ትመጣለች። ወንድማችን የዐድን ሰዎች ታሪክ ጨርሶ ወደ ሰሙድ ሲሻገር ኡስታዛችን ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። ተመለሰ። እዚያው ላይ ደገመው። አሁንም መቱ። ሦስተኛ። ላቡ መጣ። ሙስሐፍ ስንከፍት 140ኛዋ አያ የለችም፤ ከ139ኛዋ ወደ 141ኛዋ ነው የሚዘለው።

"ኡስታዝ፣ ካርዱ ላይ እንደዚህ ነው" አላቸው።

እሳቸውም ቀና ብለው፣ "ካርዱስ ማን ዘንድ ነው የቀራው?" አሉት።

ሰው ሳቀ። እኛ አልሳቅንም። ካርዱ የቀራው እኛ ዘንድ ነበር።

ያን ሌሊት ፋይሉን ከፍተን አየነው። ያልተቆረጠው የሑሰሪ ቅጂ ላይ አያዋ ቁልጭ ብላ ትሰማለች። በእኛ ቁራጭ ላይ ግን የዐድ ፋይል አንድ አያ ቀድሞ ያልቃል፣ የሰሙድ ፋይል ደግሞ አንድ አያ ዘግይቶ ይጀምራል። እንዴት እንደሆነ ለማወቅ አልከበደንም። የምትደጋገም አያ ስለሆነች የቆረጠው ልጅ "ይቺን አስገብቻታለሁ" ብሎ አልፏት ነው፤ ያስገባት የቀደመችውን፣ በኑሕ ታሪክ መጨረሻ ያለችውን ነበር። መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲመጣ እንቅልፍ እየጣለው ነበር የሠራው። እሱን አንወቅስም። ማጣራት የሌሎቻችን ድርሻ ነበር፤ ያጣራነው ደግሞ የእያንዳንዱን ፋይል መጀመሪያ አምስት ሴኮንድ እየሰማን "ይሠራል" በማለት ነው። የጎደለው በመጨረሻ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ያፈርንበትን እንናገር። ሦስት ቀን ዝም አልን። ካርዶቹን "አዲስ ሙሓደራ ልንጨምርበት ነው" ብለን ሰብስበን በጸጥታ ልናስተካክል ተስማምተን ነበር። ሰው ይንቀናል ብለን ፈራን። በሦስተኛው ቀን ከእህቶች ሐለቃ ወሬ መጣ። አንዲት እህታችን አሽ-ሹዐራእን ከካርዱ ሓፍዛ ለጓደኛዋ አሰምታ "ማሻአላህ፣ አንድም አልሳትሽ" ተብላለች። ጓደኛዋም የሓፈዘችው ከእኛው ካርድ ነው። ሁለቱም አያዋን አያውቋትም፤ አንዷ ለሌላዋ ምስክር ሆነች። ይህን ስንሰማ ነው ዝምታችን ምን እየሠራ እንደሆነ የገባን። የዚያኑ ዕለት ከዒሻ በኋላ ተነስተን ለሁሉም ተናገርን።

የናቀን የለም። አንድ የአራተኛ ዓመት ወንድም ብቻ "ዘይድ ኢብኑ ሳቢት ብትሆኑ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?" አለን። ቀልዱ ውስጥ ገባ። ከየማማ ጦርነት በኋላ፣ ሓፊዞች ብዙ ሲገደሉ፣ አቡበክር (ረ.ዐ) ቁርኣንን እንዲሰበስብ ያዘዙት ዘይድ ራሱ ሓፊዝ ነበር። ግን በራሱ ሒፍዝ ብቻ ተማምኖ አልጻፈም፤ የተጻፈውንና ሰዎች በቃላቸው የያዙትን እያመሳከረ፣ ምስክር እየጠየቀ ነው የሰበሰበው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በየረመዷኑ ከጂብሪል (ዐ.ሰ) ጋር ይከልሱ ነበር፤ በመጨረሻው ዓመት ሁለት ጊዜ ከለሱ።

ድምፅ መቅዳትም ቢሆን ሲጀመር እንደኛ አልነበረም። ሸይኽ አል-ሑሰሪ በካይሮ ሙሉውን ቁርኣን ሲያስቀርጹ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በሸክላ የወጣው የመጀመሪያው ሙሉ የሙረተል ቅጂ ማለት ነው፣ ዑለማዎች ቁጭ ብለው እያዳመጡ ነበር። እኚያ ሰው ተሳስተው አያውቁም ለማለት ይከብዳል እንጂ ዘመናቸውን በቂርኣት የጨረሱ ናቸው፤ እሳቸው ላይ ሰሚ ተቀምጧል። እኛ የእሳቸውን ድምፅ በስልክ መቁረጫ ቆርጠን ማንም ሳይሰማን አከፋፈልነው።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ማንኛውም የተቆረጠ ፋይል ከመጫኑ በፊት ሁለት ሰው ሙሉውን ይሰማዋል፤ አንዱ ሙስሐፍ ይዞ በጣቱ ይከተላል፣ ሌላው አያ ይቆጥራል። ቁጥሩ ከሙስሐፉ ጋር ካልገጠመ ፋይሉ አይጫንም። በሚደጋገም አያ ላይ መቁረጥ ትተናል። ደግሞም እያንዳንዱን ቁራጭ የምንጀምረው የቀደመው ቁራጭ ካበቃባት የመጨረሻ አያ ነው፤ አንዷ አያ ሁለት ፋይል ላይ ትሰማለች። ይህንን ያደረግነው እንዳይጎድል ፈርተን ነበር፤ ለካ ለሚሓፍዙት ሌላ ጥቅም አለው፣ ገጽ ከገጽ ጋር ማያያዝ ቀልሏቸዋል። ጊዜው ግን ረዘመ። ድሮ በአንድ ሌሊት የምንጨርሰውን ካርድ አሁን ከአንድ ወር በላይ እየሠራንበት ነው፤ ገና ሱረቱ ጣሃ ላይ ነን። ቸኩላችሁ "መቼ ነው?" የምትሉን ወንድሞች፣ ቆጣሪ አጥተናል፤ ኑና ቁጠሩ።

ወንድማችን አያዋን ለመመለስ ምን ያህል እንደተቸገረ በዐይናችን አይተናል። አዲስ መሓፈዝ ይቀላል ይላል። ከሸይኹ ዘንድ የያዘውን ዐሥር ጁዝ የሚያህል አንድ ቦታ ሳይደናቀፍ ሲያሰማ፣ እዚህች ላይ ሲደርስ ምላሱ በራሱ ይዘላል። ሁለት ሳምንት ያህል ዐድ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥር ነበር። ማጫወቻዋን መልሱልኝ አላለንም። አሁን ጠዋት ከእሷ ይሰማል፣ ማታ ኡስታዛችን ዘንድ ያሰማል፤ ዶርም ውስጥ ለእኛ ማሰማት ግን ትቷል፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ከዐሥራ አንዱ ካርድ ዘጠኙ ተመልሰው ተስተካክለዋል፤ አራቱም የእህቶች ካርዶች ከዘጠኙ ውስጥ ናቸው። ሁለቱ ግን ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች ጋር ሄደዋል፤ አንዱ ወደ ጅማ፣ ሌላው ወዴት እንደሆነ አላወቅንም። ከእነዚያ ካርዶች ወደ ስልኩ የገለበጠ ሰው ግቢ ውስጥም ሊኖር ይችላል። ፋይላችሁን ለመለየት አሽ-ሹዐራእ የተቆራረጠች መሆኗን እዩ፤ በ026 የሚጀምሩ ብዙ ፋይሎች ካሉ የእኛ ሥራ ናት። የዐድ ታሪክ በሚያበቃበትና የሰሙድ በሚጀምርበት መካከል 140ኛዋን አያ ሙስሐፍ ይዛችሁ ፈልጓት። ከሌለች ካርዱን ወይም ስልኩን ይዛችሁ ኑ፤ ከመግሪብ በኋላ መስጂዱ በረንዳ ላይ በቀኝ በኩል እንቀመጣለን፣ እህቶች በሐለቃቸው አስተባባሪ በኩል ቢልኩልን በማግስቱ እንመልሳለን። ጅማ ያለውን ወንድም የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ደውሉለት፤ የኛ ስልክ አልነሳ ብሎታል።